መታወቂያህን ከያዝክ በኋላ

አሶሳ፣ ኅዳር 23

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? ሆድህ ከዚያ አገር ውሃ ጋር ተስማማ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ ይቆርጣል ሲሉ ስለሰማሁ የአሶሳ ሙቀት ያሳደገው ጆሮህ አሳስቦኛል። እኔ በእግሬ ቆሜያለሁ፣ ስለዚህ ደህና ናት በለኝ። ጎረቤታችን ዐፊፋ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ያው እንደ ልማዱ ነው። አጎታችን ጋሽ ካሣዬም ደህና ነው፤ እሱ ሰው ያናድዳል እንጂ ምን ይሆናል። ላሟ ደህና ናት። ውሻህም ደህና ነው፤ ከሄድክ ጀምሮ በሩ ላይ ተጋድሞ፣ የመጣው ሁሉ አንተ እየመሰለው ብድግ ይላል፣ ከዚያ አኩርፎ ይተኛል። የጓሮው ትልቁ ማንጎ ላይ ያ ነጭ ተባይ ተመልሶ ወጥቷል፣ ቢሆንም አልደረቀም። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ላቁም።

ይህን ደብዳቤ የምታነበው ተመዝግበህ፣ መታወቂያህን ይዘህ፣ የዶርምህን ቁልፍ ኪስህ ከከተትክ በኋላ ነው። እንደዚያ ካልሆነ የዐፊፋ ልጅ ማህጁብ የማለልኝን መሐላ አፍርሷል ማለት ነውና እዚሁ ላይ አጥፈህ መልስለት፣ ሄደህም ተመዝገብ። እሱ ሦስተኛ ዓመት ስለሆነ ግቢውን እንደ እናቱ ጓሮ ያውቀዋል፣ የትኛው መስኮት ላይ መሰለፍ እንዳለብህ ያሳይሃል። በዚህ ዘመን ወረቀት ምን ያደርጋል፣ በስልክ አትነግሪኝም ወይ እንደምትለኝ አውቃለሁ። በስልክ ድምፄን ታውቀዋለህ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጉንፋን ይዞኝ ነው ያልኩህ ይበቃኛል።

ደግሞ የምጽፍልህ ታዝዤ ነው። ጋሽ ካሣዬ ሽማግሌዎቹን በግራ በቀኝ አስቀምጦ አስጠራኝና፣ ልጁ ሆዱ ባብቷል፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ የረገጥሽ ነሽ፣ የሚያጸናው ምክር ጻፊለት፣ ምክር ብቻ፣ ከምክር ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ አለኝ። እሺ አልኩ። በዚህ ቤት እሺ ማለት እኔ መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

እስቲ ከምክሩ በፊት አንዴ ልቆጣህ። ሰው በቀን አሥር ጊዜ ይደውላል እንዴ? ትናንት ጠዋት፣ ረፋዱ ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ደግሞ ልታስረዳኝ ያልቻልከውን ነገር ልታስረዳኝ፣ ደግሞ ዝም ልትል። ዝም ለማለት ይደወላል? ልብስህን አጥበሃል ወይ ስልህ እማን አገናኚኝ። ፎቶ ተነስተሃል ወይ ስልህ እማን አገናኚኝ። ከሆነልህ ይኸው ተቆጣሁህ፣ ወደ ምክሩ ልሂድ።

ልትሄድ ስትል የሰፈራ መንደራችን የአምባ አሥራ አራት ሰው ተሰብስቦ የመከረህን ታስታውሳለህ? እኔ በሩን ተደግፌ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሰማው። ጋሽ ካሣዬ ከሴት ራቅ አለህ። ሚሊሻ የነበረው አለነ ከፖለቲካ ራቅ አለህ። የዕድራችን ጸሐፊ ሞቱማ ከመጠጥ ራቅ አለህ፣ ሲናገር የራሱ አፍ አረቄ አረቄ እየሸተተ። ከዚያ ከማታውቀው ሰው እጅ ምግብ ራቅ፣ ከኳስ ራቅ፣ ከስልክ ራቅ፣ ከሱስ ራቅ፣ ከጓደኛ ጀማ ራቅ። ልጁ ትምህርት ሊገባ ነው የሚሄደው ወይስ ከወረርሽኝ እየሸሸ ነው? ያን ሁሉ ሰው ይዘን ቅረብ ያለህ አንድ እንኳ ጠፋ። እማ ብቻ ነበረች፣ እሷም ምክር አልሰጠችህም። የመኪናውን መስኮት በሁለት እጇ ይዛ ሰው አያሳጣህ አለችህና ለቀቀችው። አንተም እሺ እሺ እያልክ ጆሮህ ላይ ያንን ገመድ ትሰካ ነበር። መስማትህን እስካሁን አላውቅም፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

አሁን እኔን ስማኝ። ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤት ተቀምጬ ስምንት ዓመት አዲስ ገቢ ሲመጣና ሲሄድ ያየሁ ነኝ።

ኦሪጅናል ሰርተፊኬትህን ላሚኔት እንዳታስደርግ። ይህንን መቶ ጊዜ ነግሬሃለሁ፣ መቶ አንደኛውን ደግሞ በጽሑፍ ያዘው። በየዓመቱ አንድ አባት ከገጠር ይመጣል፣ የልጁን ወረቀት ከደረት ኪሱ ያወጣል፣ እንዳይበላሽ አሽጊልኝ ይለኛል። አይሆንም፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ፕላስቲክ ላይ ቀለም አይዝም እለዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጄ እንዲማር አትፈልጊም ብሎኝ ሌላ ቤት ሄዶ አሳሸገው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ክፈቺልኝ አለኝ። ላሚኔት እኮ አይከፈትም አባቴ፣ ሲከፈት ከነወረቀቱ ነው የሚቀደደው ብዬ ባስረዳው ባስረዳው አልገባውም። ምላጭ ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩለት፤ ስሙ ተረፈ፣ ፎቶው ግን ተላጠ። እሱም እኔም አለቀስን። አንተ ግን ወረቀትህን በፕላስቲክ ኪስ ብቻ ያዘው፣ አሥር ኮፒም አድርግ።

ሃንድአውት ፈተና ሲደርስ ኮፒ አታድርግ። የተማሪ ሁሉ ትምህርት የሚጀመረው ከፈተና አንድ ቀን በፊት ነው እንዴ? ማሽኔ ፊት ተሰልፈው፣ ወረቀቱ ገና ሳይበርድ እዚያው ቆመው ማንበብ ይጀምራሉ። አንዱ ምዕራፍ ሁለት የት ሄደ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። መምህርህን ጠይቅ እንጂ እኔ ምን አውቄ! የሎከር ቁልፍ ከቤት ይዘህ የሄድከው ጥሩ ነው፤ አንዱን መክፈቻ ለራስህ፣ ሌላውን ለምታምነው ሰው ስጥ። ሁለቱንም አንገትህ ላይ አታንጠልጥል።

ከአሶሳ ነኝ ስትል ስለ ህዳሴ ግድብ ይጠይቁሃል፣ ተዘጋጅ። ውሃው የት ደረሰ፣ ስንት ተርባይን ዞረ፣ ቅርብ ነው አይደል ይሉሃል። አንተ ለግድቡ የምትቀርበውን ከተማ ማንኩሽን እንኳ አይተህ አታውቅም፤ ጉባ ለመድረስ ያለውን መንገድ ብትነግራቸው አያምኑህም። ተርባይኑን አንተ የገጠምክ ይመስል ይከራከሩሃል። ቀጥሎ ብሔርህ ምንድን ነው ይሉሃል። አያቶችህ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ መጡ፣ አባትህ በልጅነቱ መጣ፣ አንተ እዚህ ተወለድክ የሚለውን አንድ ጊዜ በትዕግሥት ተናገር። ሁለተኛ ሲጠይቁህ የአሶሳ ልጅ ነኝ በልና ዝም በል። እዚያ ወሎዬ ነህ ይሉሃል፣ ወሎ ብትሄድ ደግሞ የአሶሳው ይሉሃል። እኔ በዚህ ነገር ስናደድ ኖሬ ምንም አልተጠቀምኩም።

ጓደኛ ተከትለህ ዲፓርትመንት አትምረጥ። ያልገባህን ነገር ገብቶኛል አትበል። ይኼኛው የቤታችን በሽታ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። በእኛ ቤት ሰው ሲያመው ደህና ነኝ ይላል፣ ሲርበው በላሁ ይላል፣ ሳይገባው ገባኝ ይላል። እማን አይተሃታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎኗን ይዛ እየተነሳች ጨጓራዬ ነው፣ ደህና ነኝ ስትል ኖረች። አንተ በሄድክበት ጠዋት መስኮቱን ይዛ የቆመችው ለመመረቅ ብቻ አልነበረም፤ ሳትይዝ መቆም አቅቷት ነበር። መኪናው እንደተነሳ ዐፊፋና እኔ ደግፈን ነው ያስገባናት። ይህን ለወንድምሽ እንዳትነግሪ፣ ሐሳብ ይገባዋል አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው፣ እሺ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፣ የሸሸሁት ነገር እሱ ነው።

እማ ፊደል ስለማትቆጥር ያንተን ቁጥር ስልኳ ላይ በኮከብ ምልክት እንደመዘገብኩላት ታስታውሳለህ። ኮከብ ሲበራ ልጄ ነው ትላለች። ያ ስልክ አሁን እኔ ጋ ነው፣ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ። በቀን ስንት ጊዜ ኮከቡ እንደሚበራ እኔ ነኝ የማውቀው። ከኪሴ አወጣዋለሁ፣ እስኪያቆም አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ከዚያ በራሴ ስልክ ትደውልልኛለህ፣ እኔም የእማ ስልክ ተበላሽቶ ጥገና ገብቷል እልሃለሁ።

ይህን ውሸት ብቻ ይዘን ብንቀጥል ምን ነበረበት? ሁላችን አንድ ዓይነት እንኳ መዋሸት አቃተን። እኔ ስልኳ ተበላሽቷል ስል አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን፣ ምዝገባው እስኪደርስ ያረፍክባት እትዬ ስርጉት፣ ባምባሲ ጠበል ሄዳለች አለችህ። ጋሽ ካሣዬ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ካማሺ ሰርግ ተጠርታ ሄዳለች አለህ። ጎኗን ይዛ የምትሄድ ሴት የካማሺን መንገድ! ያውም መቼ? ኅዳር 17፣ የነቢያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን! የቄስ ልጅ ነው እኮ ካሣዬ። አንተም አልተሳሳትክም፣ በጾም ምን ሰርግ አለ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም ምን ልበል፣ የጴንጤ ሰርግ ነው አልኩህ። ከዚያ ሳቅሁ፣ ሳቄ ደግሞ መሐል ላይ ተበላሸ፣ ስልኩንም ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ብዬ በመልእክት ጻፍኩልህ።

ስለ እትዬ ስርጉት የነገርከኝንም አልረሳሁም። ዓይኗን አሟታል፣ ሁልጊዜ ያነባል፣ ደግሞ ከውጭ ስትመጣ ጎረቤት ገብታ ልብሷን ቀይራ ነው የምትገባው፣ ምን ሆና ነው አልከኝ። ጠብታ ግዛላት አልኩህ። አንተም የኪስህን አውጥተህ ገዛህላት። እሷ ነገረችኝ፣ ደውላ ነው የነገረችኝ፣ እያለቀሰች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ከዚያኛው ጫፍ ሆኜ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የመረረኝ። በ2008 እኔ ሐዋሳ ስመደብ አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። አባዬ ኅዳር ላይ ሞተ፣ ለእኔ የተነገረኝ የካቲት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየእሁዱ እደውላለሁ። አባዬ እርሻ ነው፣ አባዬ ገበያ ነው፣ አባዬ ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ነው። አንድ እሁድ ስልኩን ላንተ ሰጡህ። አንተም በዚያች ቀጭን ድምፅህ፣ አባዬ ማሽላ እየጠበቀ ነው፣ ወፍ አስቸግሮን ነው፣ ሰላም በላት ብሏል አልከኝ። ወፏን ማን እንዳስጨመረህ እስካሁን አልገባኝም። ጎበዝ ውሸታም ነበርክ፣ አመንኩህ። ካንተ ጋር ካወራሁ በኋላ ሄጄ ተኝቼ ነበር፣ በደስታ። ይህን ስነግርህ ልወቅስህ አይደለም። ወቅሼህ ነበር፣ ብዙ ዓመት በሆዴ ወቅሼሃለሁ፣ ትቼዋለሁ። ልጅ ነበርክ።

ለዕረፍት ስመጣ ለአባዬ ቦት ጫማ ገዝቼ፣ ቁጥር አርባ ሁለት፣ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አድርጌው መጣሁ። ዕቃ መጫኛው ላይ ብጥለው ይሰረቅብኛል ብዬ። መናኸሪያ ጋሽ ካሣዬ ተቀበለኝና ዛሬ እኛ ጋ እደሪ፣ ነገ ትሄጃለሽ አለኝ። ጎህ ሲቀድ ግቢው ነጠላውን ባዘቀዘቀ ሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። ጫማውን ታቅፌ ነበር ይላሉ፣ እኔ አላስታውስም። አንተ ስድስተኛ ክፍል ሆነህ ጣቱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀህ የክረምቱን ጭቃ የረገጥክበት ቦት ጫማ እሱ ነው። ስትገባ በር ላይ አውልቅ እያልኩ የምጮኸው ለምን እንደነበር አሁን ገባህ?

ሰው ሁሉ አባቷ ሲሞት ትምህርቱ ከበዳት ይላል። አንተም እንደዚያ ነው የምታውቀው። አልከበደኝም። ሐዘኑን ጨርሼ ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ ውጤቴም ደህና ነበር። ያቃተኝ ደህና ነን የሚለውን ማመን ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ ዛሬ ደግሞ ማንን ደብቀውኝ ይሆን እላለሁ። እማ ስታስል አበቃላት እላለሁ። ስታወራኝ አስገድደዋት ነው እላለሁ። አንተ ትምህርት ቤት ሄደሃል ሲሉኝ አላምንም፣ ድምፅህን ካልሰማሁ አልቀመጥም። በቀን አሥር ጊዜ እደውል ነበር። አዎ፣ አሥር ጊዜ። በሰኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ መጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ላይ ስለ ስልኩ የተቆጣሁህ ቁጣ ላንተ አልነበረም። አሥር ጊዜ የሚደውል ሰው ቀጥሎ የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው።

አሁን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ያንኑ ነው ያሉት። ልጁ ይመዝገብ፣ ይማር፣ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ይጨርስ፣ የካቲት ሲመጣ እኛ በወጉ እንነግረዋለን። ክፋት የላቸውም፣ አውቃለሁ። ዓመቱ እንዳይቃጠልብህ ነው፣ ይወዱሃል። ግን ፍቅራቸው አንዴ እኔን አስከፍሎኛል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ካንተ ላይ አላስከፍልም። ብዬ ልናገር ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። የተናገረችው ዐፊፋ ናት። ሦስት ሌሊት ከእኛ ቤት ወለል ላይ ሳትነሳ፣ እግሯ አብጦ፣ ተነስታ ቆመች። እሷ ለወንዱም ለሴቱም አንተ ነው የምትለው፤ አንተ ልጅ፣ ወንድም ውሸት አታብላ፣ ውሸት ስንቅ አይሆንም ወላሂ አለችኝ። ሽማግሌዎቹን ግን ዞራ አላየቻቸውም። ከዚያ ልጄ ማህጁብ ከዕረፍቱ ሊመለስ ነው፣ ወረቀት ስጠው አለችኝ።

ጋሽ ካሣዬ ይህ በወረቀት አይነገርም ይላል። በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ሰው ባለበት፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ባለበት። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፣ ምንም ልለው አልችልም። ስለዚህ ማህጁብን እንዲህ ብዬዋለሁ። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል፣ እስከዚያ አፍህን ዝጋ። ማታ አትስጠው። ለብቻውም አትስጠው። እሁድ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ከቁርስ በፊት ስጠው። ከእኛ አካባቢ የመጡትን ልጆች ሁሉ ቀስቅስ፣ ቤርታም ይሁኑ ጉሙዝ፣ ሽናሻም ይሁኑ፣ የባምባሲም ኦሮሞ ይሁን የእኛው ሰፋሪ። የዶርሙን ልጆችም ጥራ፣ ገና ስሙን ባያውቁትም። ነጠላ ባይኖራቸው ፎጣም ቢሆን ትከሻቸው ላይ ጣል ያድርጉ። እሺ አለኝ። የእሱ እሺ ከእኛ ቤት እሺ የተሻለ መሆኑን ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህች ብቻ ናት፣ ያን ሁሉ የላሚኔትና የሃንድአውት ነገር ብትረሳው አልቀየምህም። ቅረብ። ሰው አጠገብ ተቀመጥ፣ ስምህን ንገር፣ የሌላውን ስም ያዝ። ሲከፋህ ደህና ነኝ አትበል፤ ከፍቶኛል በል፣ አንዱ ይሰማሃል። እኔ ሐዋሳ ስድስት ሴት ካለበት ዶርም ውስጥ ለአንዷም ሳልናገር ነው የወጣሁት። እስከ ዛሬ ያ ይቆጨኛል።

በማህጁብ ሻንጣ ግርጌ ጥቁር ሹራብ አለ፣ አውጥቶ ይሰጥሃል። ለብርዱ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

ታኅሣሥ 23፣ በአርባው ቀን፣ ቤታችን ብዙ ሰው ይመጣል። ማህጁብ አጣርቷል፣ የተመዘገበ ተማሪ ለቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፣ ያልተመዘገበ ግን ዓመቱ ይሄድበታል። ያስጠበቅሁህ ለዚህ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሰርቄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ሦስት ወር ግን አልሰርቅህም። ልምጣ ካልክ ማህጁብ እስከ በራችን ያመጣሃል። ልቆይ ካልክም አብሮህ ይቆያል፣ ማንም አይፈርድብህም፣ የሚፈርድ ካለ ወደ እኔ ላከው። ከመጣህ ግን ትመለሳለህ። ይህን ቃል አሁኑኑ በሆድህ ግባልኝ።

ደግሞ ደብዳቤው ላይ አልዋሸሁህም። ሰላምታዬን ተመልሰህ አንብበው። ላሟን እንኳ አልረሳሁም፣ ውሻውን እንኳ፣ ማንጎውን እንኳ።

እግዚአብሔር ያጽናህ። የተማርከው ይግባህ፣ የጀመርከው ይለቅልህ፣ የእሷም ምርቃት ይድረስህ፣ ሰው አያሳጣህ። አሁን ወረቀቱን ለማህጁብ ስጠውና ቀና በል፣ እየጠበቁህ ነው። ልቅሶህ ሲበርድልህ ደውል። በእኔ ቁጥር አይደለም፣ በእማ ቁጥር ደውል። ኮከቡ ሲበራ ዛሬ አነሳዋለሁ።

ታላቅ እህትህ